ለጠላቷ ሙሾ ያወረደችው ዘፋኝ

ኮ ቻይሃ የተወለደችው ቶንግሺ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው የአንድ ሰዓት መንገድ የሚያስኬድ ሜዳ ይሆናል። ሰውም እግሩን እየነቀለ ይገባና በቀርከሃ ላይ ያሳደገውን ዛጎል ለቅሞ ይመለሳል። አባቷ አንድ የክረምት ማለዳ ጭጋግ ውስጥ ገባ፤ ባሕሩ ሲመለስ እሱ አልተመለሰም። ያኔ ቻይሃ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ሶ ያንሂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመንደሩ ሴቶች ጋር በረንዳ ላይ ተደርድራ፣ ዛጎል እየፈለፈለች አሳደገቻት።

ዛጎል መፈልፈል ጣት ይቆርጣል፣ ወገብ ይሰብራል፤ አፍን ግን አይይዝም። ሴቶቹ ሲላቸው ሰው ያማሉ፣ ሲላቸው ያንጎራጉራሉ። የሶ ያንሂ እንጉርጉሮ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ራሷ ያወጣቻት፦

ባሕር ሲሸሽ ሄደ፣ ባሕር ሲሞላ ቀረ፤
ውሃን ምን ይሉታል፣ ቤት እየሰበረ።

ቻይሃ አሥር ዓመት ሲሞላት ይህችን ግጥም ስታዜም ድምጿ ከሦስት ቤት ወዲያ ይሰማ ጀመር። ሴቶቹም ይቀልዱባት ነበር። «አንቺ፣ ዝም ብለሽ ዝፈኚ፤ ቢላዋ አያስፈልገንም። ዛጎሎቹ አንቺን ለመስማት ራሳቸው አፋቸውን ከፈቱ እኮ!»

አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ አንድ መድኃኒት ሻጭ መንደሩን ረግጦ ነበርና ከእናቷ ለምኖ ወሰዳት። ሽማግሌው ሦስት ጎማ ባላት መኪናው ላይ ድምጽ ማጉያ ሰቅሎ ከመንደር መንደር የጉበት ክኒን ይሸጣል። ቻይሃ በየቤተ መቅደሱ አደባባይ ትዘፍናለች፤ ሰው ይሰበሰባል። ዘፈኑ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው እጁን ያነሳና ያስቆማታል፤ ክኒኑን ያወድሳል፣ ይሸጣል፣ ከዚያ «ቀጥዪ ልጄ» ይላታል። ሰዉ ክኒኑን የሚገዛው ለጉበቱ ብሎ አልነበረም፤ የዘፈኑን መጨረሻ ለመስማት እንጂ። እሷም የሰው አፍ ማስከፈትን፣ ትንፋሽ ማስያዝን፣ እንባን አፋፍ ላይ አድርሶ መመለስን የተማረችው እዚያ የመኪና ጀርባ ላይ ነው።

ጉዊ ኬቡን የሚባል ሰው ያገኛት በአንዱ አደባባይ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጉዊ በካዎሹንግ ከተማ የራዲዮ ሰው ነው፤ በጃፓን ዜማ ላይ በሀገሬው ቋንቋ፣ በሆክየን፣ ግጥም ይጽፋል፣ ትንሽ የሸክላ ማሳተሚያም አለው። ነጭ ጫማ ያደርጋል፤ ጸጉሩ በቅባት ተለጥፎ ዝንብ የሚያንሸራትት ነው። ሰው ሁሉ «መምህር» ይለዋል። ዘፈኗን ጨርሳ ስትወርድ ጠበቃትና እንዲህ አላት፦

«ጉሮሮሽ ውስጥ የሚያለቅስ ነገር አለ። ማን አስተማረሽ?»

«ማንም፣ መምህር። እናቴ እንዲህ ነው የምትዘፍነው።»

«እንግዲያው እናትሽን አመስግኚ። ከነገ ጀምሮ ግን የኔ ተማሪ ነሽ።»

ወደ ካዎሹንግ ወሰዳት። እቤቱ ታችኛው ክፍል ውስጥ አኖራት፤ ባለቤቱ እትዬ ጊዮክቲንም ሩዟን ታቀርብላት፣ የመድረክ ቀሚሷን ታጠብላት ነበር። ጉዊ መቼ ድምጿን እንደምትሰብር፣ መቼ እንደምታነሳ አሳያት፤ እውነት ለመናገር ጎበዝ አስተማሪ ነበር። የመድረክ ስሟንም «ዕንቁ» አለው። እናቷ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የኛ ዛጎል መቼ ዕንቁ ያውቃል? ቢከፍቱት ጭቃ ነው! በይ ይሁን፤ ጭቃ ብሎ ከሚጠራሽ ይሻላል።»

የመጀመሪያ ሸክላዋ ላይ ጉዊ ያችን የእናቷን ግጥም አስዘፈናት፤ ከሥሯ ሌላ ሁለት ስንኝ ጨመረባት። ሸክላው ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ «ግጥም፦ ጉዊ ኬቡን» ይላል።

«መምህር፣ ይህ የእናቴ ነው እኮ» አለችው።

«እናትሽ ማንበብ ትችላለች?»

«አትችልም።»

«ታዲያ ማን ይጎዳል?» ብሎ ጉንጯን ቆነጠጣት።

ሸክላውን መልሳ አስቀመጠች። ይህን ዝምታዋን ቆይታ ስታስበው ጥርሷን ታፋጭ ነበር።

ሸክላው እንደ ሰደድ እሳት ነደደ። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በመንግሥት ትእዛዝ በቀን ከሁለት በላይ የሆክየን ዘፈን አያሳልፍም፤ ራዲዮው ግን የኛ ነበር። የጨው ማሳ ሠራተኛው፣ የመርከብ ጥገና ሰፈሩ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጫማ የሚሰፉት ልጆች ሁሉ የዕንቁን ዘፈን በቃላቸው ያዙ። አሳ አጥማጆች ጀልባቸው ላይ እየጮኹ ያዜሙት ነበር። በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ሰው እየበላ የሚያዳምጥበት ትልቁ የዘፈን አዳራሽ ለሃያ አንድ ቀን ቀጠራት፤ ከዚያ በላይ ለሆክየን ዘፋኝ የሚደረስበት ወንበር አልነበረም።

በዚያው በሃያ አንዱ ቀን ውስጥ ነው ነገሩ የሆነው።

ሶ ያንሂ ታመመች። የቻይሃ አጎት፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ በጉዊ አድራሻ ቴሌግራም ላከ፤ «እናትሽ ታማለች፣ ነይ» የሚል። መልስ የለም። በአራተኛው ቀን ሁለተኛ ላከ፤ «ጠንቶባታል፣ ስምሽን ትጠራለች»። መልስ የለም። ሦስተኛው መርዶ ነበር፤ የቀብሩን ቀን ይዟል። በዚያ ቀን ቻይሃ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ባሏን በመጥረጊያ ስለምታባርር ሴት የሚያስቅ ዘፈን እየዘፈነች ነበር። ሰው በሳቅ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር።

የአዳራሹ ውል ባለቀ ማግስት ጉዊ ጠራትና ዓይኑን እየጠረገ «ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ክፉ ወሬ መጣ» አላት።

በአውቶቡስ ቶንግሺ ደረሰች። በኛ ዘንድ እናቷ ሞታ የመጣች ልጅ ከመንደሩ አፍ ጀምራ እያለቀሰች፣ በጉልበቷ እየዳኸች ነው ቤት የምትገባው። ቻይሃም ዳኸች። የተፈለፈለ ዛጎል ልጣጭ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር ጉልበቷ ደማ። በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ቢላዋቸውን አቁመው አዩዋት፤ አንዷም «አይዞሽ» አላላትም። አጎቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ለማን ነው የምታለቅሽው? ተቀብራ አሥረኛ ቀኗ ነው።»

«አጎቴ፣ ዛሬ ነው የሰማሁት!»

«ሦስት ጊዜ ቴሌግራም ልኬያለሁ። ሦስት ጊዜ! እናትሽ ዓይኗን በር ላይ ተክላ ነው የሞተችው። ሂጂ፣ ዝፈኚ።» በሩን ዘጋው።

ካዎሹንግ ስትመለስ ጉዊ ስቱዲዮ ውስጥ ሻይ እየጠጣ አገኘችው። አልካደም። እንዲያውም አለመካዱ ነው ያቃጠላት።

«ብትሄጂ ትድን ነበር?» አላት። «ሐኪም ነሽ? አዳራሹ ሞልቷል፣ ቲኬቱ ተሸጧል። እኔ ያደረግሁት ላንቺ ነው።»

«ስሜን እየጠራች ነበር!»

«ሀገሩ በሙሉ ስምሽን እየጠራ ነው። ያለ እኔ ማን ነሽ? ዛጎል ፈልፋይ!»

በዚህም አላበቃም። በሳምንቱ በራዲዮ ፕሮግራሙ ላይ በለሰለሰ ድምጹ፣ «እናንተ አድማጮቼ፣ ዕንቁ የእናቷን መርዶ ሰምታ፣ እናንተን ላለማሳዘን እንባዋን ውጣ መድረክ ወጣች፤ ፍቅሯን ዕወቁላት» ብሎ ተረከ፤ ከዚያም ዘፈኗን ከፈተ። ሸክላው እንደገና ተሸጠ። ቶንግሺም ራዲዮ ነበረ። አጎቷም ሰማ፣ ሴቶቹም ሰሙ። ለሳቅና ለጭብጨባ ብላ እናቷን ሳትቀብር የቀረች ልጅ ሆና በመንደሩ አፍ ተጻፈች፤ እሷ ምንም ብትል ከራዲዮ የሚበልጥ አፍ አልነበራት።

ቻይሃ ለጉዊ ዳግመኛ አልዘፍንም አለች። እሱም ከሱ ጋር የተፈራረመችውን ውል አልለቅም አለ፤ አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። በየራዲዮ ጣቢያው ደወለ፣ በየአዳራሹ ተናገረ፤ አንድ በር ያልዘጋባት የለም። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ሰው ሌላ ዘፋኝ ለምዷል። ያገኘችው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ አልቃሽነት።

በቺያዪ ከተማ ሁዋንሃይ የሚባል ሰው የቀብር ቡድን ነበረው። ልጅ የሌለው፣ ልጁ ሩቅ ሀገር ያለ፣ ወይም ልጆቹ ማልቀስ ያቃታቸው ሰው ሲሞት፣ ቡድኑ መጥቶ ይነፋል፣ ይመታል፣ ያለቅሳል። አልቃሿ ነጭ ለብሳ፣ ማይክ ይዛ፣ ከመንገዱ አፍ እየዳኸች በሟች ልጅ ስም ሙሾ ታወርዳለች። ሁዋንሃይ ቻይሃን አንዴ ሰምቷት ተነስቶ ቆመ።

«አንቺ ሴት፣ እኔ የማላውቀውን ሰው አሞትሽብኝ እኮ!»

አሥራ ሁለት ዓመት አለቀሰች። ለነጋዴ አለቀሰች፣ ለሥጋ ሻጭ፣ ለመንደር ሹም፣ ልጆቿ ለተጣሉባት አሮጊት። «አባቴ» ያላለችው፣ «እናቴ» ያላለችው ሬሳ የለም። ሰዎች ድንጋይ ታስለቅሳለች ይሉ ነበር። እንባዋን ከየት እንደምታመጣው ሲጠይቋት «ከአንድ ሰው ተበድሬ ነው» ትል ነበር። ባል አላገባችም፤ የጠየቃት አልጠፋም ነበር። ግን ልቧ ውስጥ ጉዊ ኬቡን ነጭ ጫማውን አድርጎ ተቀምጦ ነበርና ለሌላ ሰው መቀመጫ አልተረፈም። በራዲዮ ድምጹን በሰማች ቁጥር አትዘጋውም፤ እንዳትረሳ ብላ እስከ መጨረሻው ታዳምጠዋለች። ሲያስለው ከሰማች ያን ቀን ሁለት ሳህን ሩዝ ትበላለች።

በአርባ ዓመቷ፣ በጸደይ፣ ጉዊ ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት አሮጊት ጥቁር ለብሳ ወደ ቡድኑ ቢሮ መጣች። ቻይሃ በእርምጃዋ ነው ያወቀቻት፤ እትዬ ጊዮክቲን ነበረች።

«ቻይሃ ልጄ» አለች አሮጊቷ ሳትቀመጥ፤ «ሴት ልጅ እንደሌለን ታውቂያለሽ። ትልልቅ ሰው ይመጣል፤ ያለ አልቃሽ ሴት ልጅ ብቀብረው ሰው ይስቅብኛል። ካንቺ የምትበልጥ የለችም ይላሉ።»

ሁዋንሃይ ታሪኩን ያውቅ ነበርና ሻይው ትን አለው። ቻይሃ ግን ፊቷ አልተለወጠም።

«እትዬ፣ እኔ ለሱ የማለቅስ ይመስልዎታል?»

ጊዮክቲን ቦርሳዋን ከፍታ በክር የታሰሩ ሦስት ወረቀቶች አወጣች። «መሳቢያውን ስጠርግ አገኘኋቸው። እግዜር ያውቃል፣ እኔ ዛሬ ነው ያየኋቸው። የደበቃቸው እሱ ነው። አሁን ሞቷል፤ ሙት አይወቀስም። ላንቺ ይገባሉ ብዬ አመጣሁልሽ። ይቅር በይውና አልቅሽለት።»

ቻይሃ ወረቀቶቹን ተቀበለች። የአጎቷ ቃላት ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ «ስምሽን ትጠራለች» ይላል። ቆይታ ወረቀቶቹን ገለበጠቻቸው። ከያንዳንዱ ጀርባ የፖስታ ቤቱ የመረከቢያ ቁራጭ ተለጥፏል፤ ቁራጩ ላይ፣ እንደኛ ልማድ በፊርማ ፈንታ፣ የተቀባዩ የስም ማኅተም በቀይ ተመትቷል። ጉዊ የሚለው ስም አልነበረም። ሦስቱም ላይ፣ ጥርት ብሎ፣ ሊም ጊዮክቲን ይላል።

ቻይሃ ቀና ብላ አሮጊቷን አየቻት። ያቺ ሩዝ ስታቀርብላት የነበረች፣ ያንን ቢጫ ቀሚስ ያጠበችላት ሴት ናት። መርዶውን በእጇ ተቀብላ፣ በዚያው እጇ ቀሚሱን ተኩሳላታለች። ማኅተሟን ረስታዋለች፤ ወይም ሌላ ሰው ወረቀት አይገለብጥም ብላ አምናለች።

«እሺ፣ እትዬ» አለቻት። «አለቅስለታለሁ። የሚገባውን ያህል።»

አሮጊቷ ከወጣች በኋላ ሁዋንሃይ ሊለምናት ሞከረ። «ቻይሃ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል።»

«እኔን ያድርገኝ» አለች።

የቀብሩ ጠዋት በጉዊ ደጅ መንገዱ በሙሉ በድንኳን ተዘግቶ ነበር። ግራና ቀኙ ላይ ለቀስተኞች የላኩት በቆርቆሮ የታሸገ መጠጥና ጭማቂ ተደርድሮ እንደ ግንብ ቆሟል፤ የአበባ ጉንጉኑ ከበር እስከ አደባባይ ይደርሳል። የራዲዮ ሰዎች፣ አሮጌና ወጣት ዘፋኞች፣ የምክር ቤት ሰዎች ወንበር ሞልተዋል። ቪዲዮ የሚያነሳው ሰው ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጓል። ከውጭ ሀገር የመጣው አንድ ወንድ ልጁ በሬሳው ቀኝ ቆሟል፤ ጊዮክቲን መሐረብ ይዛ በግራ ተቀምጣለች።

ቻይሃ ከመንገዱ አፍ ተንበረከከች። ነጩ መጎናጸፊያ ፊቷን ሸፍኗል። የመጀመሪያውን «አባቴ!» ስትለቀው ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ትንፋሹን ያዘ። ማንነቷን በድምጿ ያወቁ አሮጌ ዘፋኞች እርስ በርስ ተያዩ። እየዳኸች፣ እያለቀሰች፣ ስለ ነጩ ጫማው፣ ስለ ራዲዮው፣ ስለ ለሰለሰ ድምጹ አወረደች። ሴቶች መሐረብ አወጡ። መንገዱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መድኃኒት ሻጩ ባስተማራት ቦታ፣ ሰው ትንፋሹን በያዘበት። ከዚያ እንዲህ አለች፦

አባቴ ልበልህ፣ ሴት ልጅ የለህም ብለው፤
እናቴ ስትቀበር ያዘፈንከኝ ሰው።

ሦስት ጊዜ ቢጠሩኝ አንዱን መች ሰማሁ፤
አንተ ጆሮ ሆነህ እኔ መድረክ ወጣሁ።

አንድ ሽማግሌ የራዲዮ ሰው ኮፍያውን አወለቀ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ልጁ ፊቱ ቀልቶ ወደ ድምጽ ማጉያው በእጁ አመለከተ፤ ሁዋንሃይም ገመዱን ሊነቅል ሮጠ። ከመንገዱ ጠርዝ የቆሙ የሰፈር አሮጊቶች ግን መንገድ ዘጉበት።

«ወግድ አንተ! ምን ይዘጋል?»

«ይለቅላት! እኛ መስማት እንፈልጋለን!»

ቻይሃ አልፈጠነችም። የእናቷን ስም ጠራች፤ ሶ ያንሂ፣ የቶንግሺ ዛጎል ፈልፋይ። ቀኖቹን በየተራ ጠራች፤ በመጀመሪያው ቀን ታመመች፣ በአራተኛው ስሜን ጠራች፣ በቀብሯ ቀን እኔ ባሏን በመጥረጊያ የምታባርረውን ሴት እዘፍን ነበር አለች። የመጀመሪያ ሸክላዋ ላይ ጉዊ ስሙን የጻፈበት ግጥም የማን እንደሆነም ተናገረች። ሁሉንም በዜማ፣ ሁሉንም በእንባ፤ እንባው ደግሞ እውነተኛ ነበር። ጊዮክቲንም መሐረቧን ዓይኗ ላይ አድርጋ ራሷን እየነቀነቀች ነበር፤ «ምስኪን፣ ምን ያህል በደላት» የሚል ሰው ሁኔታ ነበራት። ሬሳው ዘንድ ስትደርስ ቻይሃ ሦስቱን ወረቀቶች ከደረቷ አወጣችና ገልብጣ፣ ቀዩ ማኅተም እንዲታይ አድርጋ፣ ከዕጣኑ ሥር ዘረጋቻቸው።

ብቻህን አልነበርክ፣ አጋዥ ነበረችህ፤
መርዶዬን ተቀብላ ማኅተም መታችልህ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ከዚያ ዞሮ እናቱን አያት። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የልጁን ዓይን ተከትሎ አያት። ጊዮክቲን መሐረቡን ከፊቷ ሳታነሳ ተነስታ፣ ወንበር እየገፋች ወደ ቤት ገባች፤ ባሏ ወደ መቃብር ሲወጣ እንኳ አልታየችም። ቻይሃ ሥራዋን ጨረሰች፤ ሦስት ጊዜ ግንባሯን መሬት አስነክታ፣ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። መጎናጸፊያውን አጥፋ ለሁዋንሃይ አስረከበችው።

«ከእንግዲህ ማን ይቀጥርሻል?» አላት። «ከአሁን በኋላ በዚህ ሀገር ሰው መሞት ይፈራል!»

«ይፍራ» አለች።

እውነቱን ነበር፤ አልቃሽ አድርጎ የቀጠራት አልተገኘም። የቪዲዮው ካሴት ግን ከእጅ ወደ እጅ ተገለበጠ። በዚያ ዓመት ያለ ፈቃድ የሚያሰራጩ ራዲዮ ጣቢያዎች እንደ እንጉዳይ በቅለው ነበርና አንዱ ሙሾዋን በሙሉ አሰማ። ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቁመው ስልክ ደወሉ፤ «ያቺ ዕንቁ ናት?» እያሉ። አንድ ትንሽ የካሴት ቤት አስቀዳት። ድምጿ ወፍሮ ነበር፤ ጠርዙም ተሰንጥቋል። ሽፋኑ ላይ በራሷ ስም ኮ ቻይሃ ተባለች፤ ከእናቷ ዘፈን ሥርም «ግጥም፦ ሶ ያንሂ» ተጻፈ። ካሴቱ እንደ ድሮው ሸክላ ሰደድ እሳት አልሆነም፤ ሆኖም በዓልና ሠርግ ባለበት ሁሉ የሚጠራት አልጠፋም።

በዓመቱ ገደማ በአንድ የቤተ መቅደስ በዓል ላይ፣ መኪና ላይ የተሠራው መድረክ አጠገብ ጫማዋን ስታስር፣ አንዲት አሮጊት መጥታ ፊቷ ቆመች። ጊዮክቲን ነበረች፤ ከስታለች።

«ጎረቤት ሰላምታ ነሳኝ» አለች። «ልጄ ከቀብሩ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም። ገበያ ስሄድ ወደኔ እያዩ ይንሾካሾካሉ። አሁንስ በቃሽ?»

ቻይሃ ጫማዋን አጥብቃ አሰረች። «አልበቃኝም።»

«ምን ማድረግ ነበረብኝ? ባሌ ነው። አትንገሪያት ብሎኛል።»

«እትዬ፣ የመድረክ ቀሚሴን ሲያጥቡልኝ ዝም ብለው አንዷን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ቢከቱልኝ ኖሮ፣ ማን ያውቅብዎት ነበር?»

ይህን መንገድ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንዴም አስባው እንደማታውቅ የአሮጊቷ ፊት ላይ ይታይ ነበር።

ከመድረክ ላይ ስሟ ተጠራ። ቻይሃ አሮጊቷን እዚያው ትታ ደረጃውን ወጣች፤ ማይኩን ያዘችና የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን አዛውንቶች «ዛሬ ምን ትፈልጋላችሁ? ሳቅ ነው ለቅሶ?» አለቻቸው። ሳቅ አሉ። እሷም ሳቅ ሰጠቻቸው።